ወረቀቱ ሞልቷል፤ እጁስ?

የዚህ ቡለቲን አዘጋጆች «ስለ ወጣቶች ክህሎትና ሥራ የሚጽፍ አለ?» የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፉ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሁላችንም ለአሳይመንት የምንጽፈው ዓይነት ነበር። «ክህሎት ለአንድ ሀገር ዕድገት ወሳኝ ነው» ብሎ መጀመር፣ ችግሮቹን በነጥብ በነጥብ መዘርዘር፣ በመጨረሻም «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ብሎ መዝጋት። ቀላል ነው፤ ማርኩም አይጠፋም። ነገር ግን እኔ ቀን ቀን ሰበታ በአንድ ብረታ ብረት ቤት የምሠራ በያጅ ስሆን ማታ ማታ ደግሞ ከእናንተ ጋር ማኔጅመንት የምማር ሰው ነኝ። ታዲያ «የሚመለከተው አካል» የሚለውን ሳስብ፣ ባለፈው ዓመት መጋቢት ውስጥ አንድ ልጅ ደብተር ይዞ መጥቶ «ወንድሜ፣ እባክህ ፈርምልኝ» ያለኝ ቀን ትዝ አለኝ። የዚያን ቀን የሚመለከተው አካል እኔ ነበርኩ። የምጽፈውም ስለዚያ ነው። ግን ነገሩ እንዲገባችሁ ከአባቴ ልጀምር።

አባቴና ድንጋዩ

ተወልጄ ያደግኩት ቡራዩ ነው። ቡራዩ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ የገፈርሳ ግድብ ያለባት ከተማ ናት። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ። ሦስቱም አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከዞሯት ከተሞች ውስጥ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል እነዚህንና ሌሎች በዙሪያው ያሉ ከተሞችን አንድ ላይ አድርጎ ሸገር ከተማን መሥርቷል። በአስተዳደር አንድ ይሁኑ እንጂ፣ እኔ በማውቀው መንገድ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ታክሲ እየቀያየሩ በአዲስ አበባ በኩል መዞር የግድ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ትፈለጋለች።

አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነው። በልጅነቱ ከገጠር መጥቶ ከአጎቱ ጋር ቡራዩ ካባ ውስጥ ድንጋይ ሲለቅም፣ ሲሸከም፣ በኋላም ሲጠርብ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ጥቁር ድንጋይ ፊቱ ስታስቀምጡለት አንዴ ገልበጥ አድርጎ ያየዋል፤ በመዶሻው ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ ከዚያ «በዚህ በኩል ነው የሚከፈተው» ይላችኋል። ይከፈታል። ትምህርት ቤት ግን አልገባም፤ ስሙን መጻፍ የተማረው እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ አብሮኝ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የኮብልስቶን ሥራ በሀገራችን ከተሞች ተጀመረ። በየከተማው ወጣቶች በማኅበር እየተደራጁ ድንጋይ መጥረብና ማንጠፍ ጀመሩ። እኛ ሰፈር ሥልጠና ሲመጣ ጎረቤቶች አባቴን «አንተ ነህ ማሠልጠን ያለብህ፤ ሂድ ተመዝገብ» አሉት። ሄደ። የትምህርት ማስረጃ ተጠየቀ። ተመለሰ። የሚያስቀው ነገር፣ ሥልጠናውን ጨርሰው ሠርተፍኬት የተቀበሉት ልጆች ማታ ማታ እኛ ግቢ እየመጡ «ጋሼ፣ ይሄኛው ለምንድነው የሚፈረካከስብን?» እያሉ ይጠይቁት ነበር። እሱም ሻይ እያስፈላ ያሳያቸዋል። አንድም ቀን ቅር ሲለው አላየሁም፤ ቅር ይለኝ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሙያን መናቅ በሀገራችን የቆየ በሽታ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው በሥራው ሲሰደብ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። እንግዲህ ከአዋጁ መቶ ዓመት አልፎም እናቴ መጽሐፌን ስከፍት የምትለኝ «ተማር፤ እንደ አባትህ ከድንጋይ ጋር ስትታገል እንዳትኖር» ነበር። አባቴ ይሰማታል፤ ዝም ይላል።

ሁለት ማሽን

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የወሰድኩት በ2010 ዓ.ም. ነው። ያኔ እንደሚታወቀው ጥሩ ያመጣ ወደ 11ኛ ክፍል መሰናዶ ይሄዳል፤ ያላመጣ ወደ ቴክኒክና ሙያ። ይህ አከፋፈል ራሱ መልእክት ነበረው፤ ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ሰው የሚሄድበት ቦታ ነው የሚል። እኔም ውጤቴን ያየሁ ቀን ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የዋልኩት። አባቴ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ሞተሃል እንዴ?» አለኝ። «አልሞትኩም» አልኩት። «እንግዲያው ተነስ፣ ምሳ ቀርቧል» አለኝ። ምክሩ ይኸው ነበር።

ወረቀት ላይ ያለውን ሥርዓት ካነበብነው ግን ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ሰው መጣያ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ስትራቴጂው ተዘጋጀ። የስትራቴጂው ዋና ሐሳብ፣ ሰው ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀመጠ ሳይሆን ምን መሥራት ይችላል ነው መለካት ያለበት የሚል ነው። ለዚህም የሙያ ደረጃ ይወጣል፤ ብቃት በምዘና ይረጋገጣል፤ እኛ ሲኦሲ የምንለው ማለት ነው። ሙያውን ኮሌጅ ገብቶም ይማር፣ እንደ አባቴ ካባ ውስጥም ይማር፣ ማንኛውም ሰው ተመዝኖ ማስረጃ ማግኘት ይችላል። ከዚህ ሌላ የትብብር ሥልጠና የሚባል አለ፤ ሠልጣኙ ከኮሌጁ ወጥቶ እውነተኛ ሥራ ቦታ ላይ ሠርቶ ይማራል። ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ ተግባሩ የሚበዛበት፣ በተለምዶ «ሰባ ሠላሳ» የሚባለው አሠራር ነው። ሐሳቡን ማን ይጠላዋል?

እኔ የደረሰኝ ዘርፍ ብረታ ብረት ነው። የገባሁበትን ኮሌጅ ስም መጥራት አያስፈልግም። በሴክሽናችን 32 ነበርን፤ የሚሠሩት የብየዳ ማሽኖች ሁለት። ኤሌክትሮድ በቁጥር ነው የሚታደለው፤ አንድ ኤሌክትሮድ ለሁለት ሰው የሚደርስበት ጊዜ ነበር። መምህራችን ሙያውን የሚወድ ሰው ነበር፤ ማሽኑን ማባዛት ስለማይችል ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የብየዳ መስመር ይስልልናል። እኛም ደብተራችን ላይ እንገለብጣለን። ብየዳን በእስክሪብቶ ተማርን ብል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና መጣና ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ።

ስንመለስ የትብብር ሥልጠና ተባለ። ሎግ ቡክ የሚሉት ደብተር ተሰጠን፤ በየቀኑ ምን እንደሠራን ይጻፋል፣ የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል። እኔ የተመደብኩበት ድርጅት ሰውዬው ገና ሲያየኝ «ሥራ የለም፤ ብትመጣም ትቀመጣለህ» አለኝ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሄድኩ። ሰውዬው ሻይ እየጠጣ የሦስት ወር ገጾችን በሩብ ሰዓት ውስጥ ፈረመልኝ። እስክሪብቶው አልቆ የእኔን ተቀበለኝ። አመስግኜው ወጣሁ፤ እንዲያውም ደግ ሰው ነው ብዬ ነበር።

ሲኦሲውንም አለፍኩ። ምዘናው ላይ ይመጣል የተባለውን አንድ ሥራ ብቻ ለሳምንታት ደጋግመን ስለተለማመድን፣ እጄ ያችን አንዲት ነገር ያውቅ ነበር። ሌላ ምንም አያውቅም። ወረቀቴ ግን ሙሉ ነበር።

ሰበታ

በ2013 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ ሰበታ ሄድኩ። ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ናት። የሜታ ቢራ ፋብሪካ ያለው እዚያ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የእንግሊዙ ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቢጂአይ ዞሯል። ከዓለም ገና ጀምሮ እስከ ሰበታ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረቱ፣ ምግቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ በነበረው ሁከት ከእነዚህ ፋብሪካዎች ውስጥ በርካቶቹ መቃጠላቸውም አይዘነጋም። ያኔ 9ኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያው ዓመት መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቋመ። የአጎቴ ልጅም አምስት ሆነው በብረታ ብረት ተደራጁ። ከአምስቱ ብረት ነክቶ የሚያውቅ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ሲታመም ማኅበሩም ታመመ። ብድሩ ሲመጣ ሙያው አብሮ አልመጣም።

እኔ ፋብሪካዎቹ በር ላይ ስደርስ የሚጠየቀው አንድ ነው፤ «የሁለት ዓመት ልምድ»። ስለዚህ ወደ ትንንሾቹ ብረታ ብረት ቤቶች ዞርኩ። አንዱ ጋ ባለቤቱ ሠርተፍኬቴን ሳያነበው መልሶ ሰጠኝና ለመስኮት የተቆረጠ ኤል ቲ ዜድ አቀበለኝ። «እስቲ ይህቺን ማዕዘን ያዝልኝ» አለኝ።

እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አምፔሩን ስንት ላይ እንደማደርገው አላውቅም። አንደኛውን ጎን በሳሁት፤ ሌላኛው ላይ ብረቱ ሳይቀልጥ ኤሌክትሮዱ ብቻ ተንጠባጠበበት። ሰውዬው ቅርፊቱን በመዶሻ አራግፎ አየና «እዚህ ጋ ቀዳዳ ሠራህ፤ እዚህ ጋ ደግሞ ምራቅህን ተፍተህበታል» አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። የአንገቴ ሥር ሁሉ ሲግል ይሰማኛል። ልወጣ ስል ግን «ወዴት ነው? ወረቀትህን ቤት አስቀምጠውና ሰኞ ና። ሦስት ወር የታክሲና የምሳ እሰጥሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለኝ። አለቃዬ ብዬ የምጠራው ሰው እሱ ነው፤ ዛሬም አብሬው አለሁ።

መጀመሪያ መጥረግና ብረት መያዝ ነበር። ቀጥሎ በስኳድራ መለካት፣ በግራይንደር መቁረጥ፣ የተበየደውን መሞረድ። በር ሲሠራ መጀመሪያ ነካ ነካ አድርጎ ማያያዝ፣ ማዕዘን ለማዕዘን በሜትር መለካት፣ ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ማፍረስ፤ ዝም ብሎ ከበየዱት ብረቱ በሙቀት ይጣመማል። በመጀመሪያው ወር ያለ መስታወት እያየሁ ዓይኔን አቃጠልኩት፤ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ሌሊቱን ሙሉ ድንች ቆርጬ ዓይኔ ላይ አስሬ አደርኩ። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ቀን አለቃዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከደንበኛ ጋር በኦሮምኛ እያወራ ሳለ ዞር ብሎ «አምፔሩን ቀንስ» አለኝ። እንዴት አወቅህ ብለው «ድምፁ ነዋ! ሲስተካከል ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ነው የሚለው» አለኝ። ወዲያው የታየኝ አባቴ ነው፤ ድንጋዩን ኳ ኳ ሲያደርግ።

ይህን የመሰለ ዕውቀት ሎግ ቡክ ውስጥ አይጻፍም ማለቴ አይደለም። ሊጻፍ የሚችለው ግን አጠገብህ ቆሞ የሚሰማ ሰው ሲኖር ነው። በጀርመን ሀገር ሠልጣኙ ከሳምንቱ ሦስት አራት ቀን ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ የቀረውን ቀን ትምህርት ቤት ይሄዳል። ውል አለው፣ ክፍያ አለው፣ ፈተናውን የሚመሩት የንግድና የዕደ ጥበብ ምክር ቤቶቹ ናቸው። ሕጉ ራሱ ከወጣ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የእኛ የትብብር ሥልጠና ከዚህ አሠራር ብዙ ወስዷል፤ ሳንወስድ የቀረነው ድርጅቱ «ይህ ልጅ ነገ የእኔ ሠራተኛ ነው» ብሎ የሚያስብበትን ምክንያት ይመስለኛል።

ሩቅ ሳንሄድ ከሰበታ የሚነሳውን የባቡር መስመር እንይ። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። መስመሩ ግን ለስድስት ዓመት ያህል በቻይና ኩባንያዎች እጅ ሲሠራ ቆይቶ፣ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች የተላለፈው በ2016 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱን ዘርግቶ ማስመረቅ አንድ ነገር ነው፤ ባቡሩን የሚነዳና የሚጠግን ሰው ማፍራት ደግሞ ሌላ ነው። ስድስት ዓመት የፈጀውን ነገር በሩብ ሰዓት ፊርማ ማምጣት አይቻልም።

የፈረምኩት

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ።

በ2016 ዓ.ም. አለቃዬ «ሠልጣኞች ሲመጡ አንተ ያዛቸው» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ሰው ሆንኩ አልኩ። የመጀመሪያው የመጣው ልጅ ለሁለት ሳምንት ያህል ብቅ ጥልቅ ሲል ቆይቶ ጠፋ። በመጨረሻ ሎግ ቡኩን ይዞ መጣ። አላመነታሁም፤ ሙሉውን ፈረምኩለት። እኔም እንደዚያው ነበር የተፈረመልኝ፤ ለምን የልጁን ዕድል እዘጋለሁ? ደግ መሆኔ ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ አንድ ደንበኛ የደረጃ መደገፊያ ብረት ይዞ መጣ። አዲስ ከተሠራ ቤት ላይ ተነቅሎ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ ሲሚንቶ ተሸክሞ ሲወጣ ደክሞት ሲደገፈው ብረቱ ከነሥሩ ተነቅሎ ልጁ ወደቀ፤ ክንዱ ተሰበረ። ብየዳውን አየሁት። ላዩ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ወደ ውስጥ አልገባም። ምራቅ። ማን ሠራው ብለን ስንጠይቅ ሰውዬው ስም ጠራ። እኔ የፈረምኩለት ልጅ ነበር።

አለቃዬ ምንም አላለኝም፤ የፈረምኩትን ያውቅ ነበር ግን። መደገፊያውን ያለ ክፍያ እኔው ራሴ መልሼ በየድኩት። የቀን ሠራተኛውን ልጠይቀው ሄጄ ነበር፤ ወደ ሀገሩ ተመልሷል አሉኝ። ይህንን ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ እዚህ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

ያልፈረምኩት

ባለፈው ዓመት መጋቢት የመጣው ልጅ ከሱሉልታ ነው። ከሱሉልታ ሰበታ! ኮሌጁ ቦታ ያገኘለት እኛ ጋ ስለሆነ ነው። በሦስት ወር ውስጥ የመጣው ዘጠኝ ቀን ነው፤ በጣቴ ቆጥሬዋለሁ። ዓርብ ደብተሩ ካልተመለሰ ለዚያ ዙር ሲኦሲ አይመዘገብም። «ፈርምልኝ» አለኝ። «ዘጠኝ ቀን ነው የመጣኸው፤ ዘጠኙን እፈርማለሁ» አልኩት።

መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ተቆጣ። «አንተ ሥራ ይዘሃል፤ ምን ቸገረህ!» አለኝ። ቀጥሎ የነገረኝ ነገር ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ መሀል ከተማ፣ ከዚያ አየር ጤና፣ ከዚያ ሰበታ፤ ደርሶ መልስ የታክሲው ብቻ እናቱ ጉልት ተቀምጣ ከምታገኘው ይበልጣል። ስለዚህ ቀን ቀን የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር። ሰነፍ አልነበረም። ከእኔ የበለጠ ሰዓት ሳይሠራ አልቀረም፤ ብቻ የሠራው ብየዳ አይደለም።

እዚህ ላይ እናንተን ልጠይቅ። ምን ታደርጉ ነበር? ብፈርም ሌላ መደገፊያ ሊነቀል ነው። ባልፈርም የድሃ ልጅ አንድ ዙር ሊቀር ነው። ስህተቱን የሠራው ከሱሉልታ ያመጣው ምደባ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው። «ደንቡ ነው» ብዬ መደበቅ አልቻልኩም፤ ደንቡን አምና ራሴ አፍርሼዋለሁ።

አልፈረምኩም። ልጁ ደብተሩን መንትፎኝ ሄደ። እኔ ሙሉ ቀን ሥራ አልያዝ አለኝ።

ማታ ላይ ለአለቃዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እኔ አንተን ስቀበል ምን ሰጠሁህ?» አለኝ። «የታክሲና የምሳ» አልኩት። «ታዲያ ልጁ ታክሲ በምኑ ይመጣል?» አለኝ። ነገሩ እንደዚህ ቀላል ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ማናችንም አልጠየቅነውም። በማግስቱ ደወልኩለት፤ አላነሳም። በሦስተኛው ቀን አነሳ። የመጣበትን ቀን የታክሲና የምሳ እንደምንሰጠው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከመጣ በሌላው ቀን ባጃጁን መንዳት እንደሚችል ነገርኩት። «ደብተሩስ?» አለኝ። «የመጣህበትን ቀን ሁሉ፣ በዚያው ቀን እፈርማለሁ» አልኩት።

ያ ዙር አመለጠው። እሱን መመለስ አልቻልኩም። ሁለት ወር ተኩል መጣ። የመጀመሪያውን በር ብቻውን ሲጨርስ ማዕዘኖቹን ለክቶ እኩል ሲሆኑለት፣ ሳያስበው በኦሮምኛ ጮኸ፤ ሁላችንም ሳቅን። በቀጣዩ ዙር ተመዝኖ አለፈ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ያምር ነበር፤ ግን እስካሁን ቋሚ ሥራ አላገኘም። ባጃጁን እየነዳ ሥራ ሲበዛብን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ያኔ የሚከፈለው እንደ ባለሙያ ነው። ክህሎት ሥራን ብቻውን አይፈጥርም። ሥራው ሲመጣ ግን ልጁ ዝግጁ ነው፤ እኔ በ2013 ዝግጁ አልነበርኩም።

እህቴ

ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደችው በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 845,099 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ያም ሆኖ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት «አላለፋችሁም» የተባሉ ናቸው። እህቴም አንዷ ነበረች፤ ብርድ ልብስ መከናነብ በቤታችን ውርስ ሆኗል።

ከዚያ ሱሉልታ አክስታችን ጋ ሄዳ ውኃ የሚታሸግበት ፋብሪካ ገባች፤ ካርቶን ታሽጋለች። ማሽኑ ሲቆም እነሱም ይቆማሉ፤ ቴክኒሻኑ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሌሎቹ ሲያወሩ እሷ ቴክኒሻኑ አጠገብ ቆማ ታይ ነበር። አንድ ቀን ደውላ «እሱ በአንድ ቀን የሚያገኘውን ታውቃለህ?» አለችኝ። ዘንድሮ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ኤሌክትሮ መካኒክስ መማር ጀምራለች። የትብብር ሥልጠናዋን እዚያው የምትሠራበት ፋብሪካ አደረጉላት፤ ታክሲ አትቀያይርም።

ለእኛ ዲፓርትመንት

በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ራሱን ችሎ ተቋቁሟል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ስለ ሙያ ለማጅ የሚደነግግ የራሱ ክፍል አለው። ሕግም መሥሪያ ቤትም አለን ማለት ነው። እኛ የማኔጅመንት ተማሪዎች ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለብን፤ ከዚያ በፊትም ድርጅት ሄደን «ልምምድ ሠርቷል» የሚል ወረቀት እናስሞላለን። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ስንቶቻችን ነን ያንን ወረቀት በአንድ ቀን ያስሞላነው? ነገ ደግሞ የሰው ኃይል ክፍል ስንቀመጥ ፈራሚዎቹ እኛው ነን። ያኔ ደብተር ይዞ የሚመጣውን ልጅ «መጥተህ ነበር?» ብቻ ሳይሆን «በምን ትመጣለህ?» ብለን እንጠይቀው። የእኔ ስህተት ይህቺን ሁለተኛዋን ጥያቄ ሦስት ወር ሙሉ አለመጠየቄ ነው።

አባቴን ባለፈው ዓመት «አንተም እኮ ተመዝነህ ሠርተፍኬት ማግኘት ትችላለህ» ብዬው ነበር። «ድንጋዩ ይጠይቀኛል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቆይቶ ግን እናቴ እንዳትሰማ ዝቅ ብሎ «ስንት ያስከፍላል?» አለኝ። እያጣራሁለት ነው።

ባለፈው እሑድ እህቴ ተናዳ ደወለችልኝ። ቴክኒሻኑ ሎግ ቡኳ ላይ በሳምንቱ ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈረመላት።

«ስንት ቀን ሠራሽ?» አልኳት።

«ሁለት» አለችኝ።

«ታዲያ?»

ትንሽ ዝም አለችና «እሺ በቃ» ብላ ስለ እማዬ ጉንፋን መጠየቅ ጀመረች። ስልኩን ስዘጋ ያንን ቴክኒሻን ባገኘው ሻይ ልጋብዘው ፈለግሁ።